ጎጆ በጎማ ላይ፦ ከቆጋ እስከ ሊማሊሞ ከውሻ ጋር

በባዕድ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ካስገረሙን ነገሮች አንዱ፣ አልጋውንና ምድጃውን በመኪናው ውስጥ አሰናድቶ፣ ውሻውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ተራራ ለተራራ የሚዞር መንገደኛ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሆቴል አይፈልግም፤ በመሸበት ያድራል፣ በነጋበት ይጓዛል። እኛም «ይህን በአገራችን ተራሮች ላይ ብንሞክረው ምን እንማር ይሆን?» የሚል ሐሳብ በልባችን አድሮ ቆየ። ሐሳቡ ዕውን የሆነው በኅዳር ወር 2007 ዓ.ም. ነው። እነሆ ዛሬ የዚያን ጉዞ ታሪክ ለውድ አንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ታሪኩ ግን የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በክፍል ውስጥ በጠመኔ ስንጽፋቸው የኖርናቸው የፊዚክስ ሕጎች በመንገድ ላይ አንድ በአንድ ተነሥተው ፈትነውናል፤ በሁለቱም ፈተናዎች የወደቅን መሆናችንን ከወዲሁ ብንናገር ይሻላል።

መኪናችን አሮጌ ሚኒባስ ነበረች። የኋላ ወንበሮቿን አስነሥተን ጠባብ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ባለ መቶ ሊትር የውኃ በርሜል አስገባንባት። በመራዊ ከተማ ያዩን አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ሰው ጎጆ የሚወጣው በመሬት ላይ ነው፤ እናንተ በጎማ ላይ ወጣችሁሳ!» ብለው ስለቀለዱብን ስሟ «ጎጆ» ሆኖ ቀረ። ተጓዦቹ ሦስት ነን፦ እኛ፣ የሥነ ሕይወት መምህር የሆነ ባልንጀራችንና በቆጋ መስኖ አካባቢ ከሚኖሩት አጎታችን ቤት ያደገው ውሻ። ጠጉሩ ቀላ ያለ ስለሆነ ዳማ ይባላል። አጎታችን «ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ አገር ይጎበኛል ወይ?» ብለው ሲስቁብን ዳማ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከቆጋ ግድብ እስከ ፎገራ ሜዳ

የቆጋ ወንዝ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው መራዊ አጠገብ ተገድቦ እስከ 7,000 ሄክታር የሚደርስ መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከግድቡ የሚተርፈው ውኃ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይፈስሳል። የጣና ወለል ከፍታ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የቆጋ ጠብታ ሐይቁ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው።

ለመሆኑ ጠብታው ሲወርድ ያጣው ከፍታ ወዴት ሄደ? በከፍታ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር የተከማቸ ኢነርጂ አለው፤ ፖቴንሻል ኢነርጂ እንለዋለን። መጠኑ የክብደቱና የከፍታው ብዜት ነው። ጠብታው ሲወርድ ይህ ክምችት ወደ እንቅስቃሴ፣ እንቅስቃሴውም ከድንጋይና ከአፈር ጋር በሚደረግ ሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር በልቡ ይያዝልን፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ እንፈልገዋለን።

በባሕር ዳር የዓባይን ወንዝ በአሮጌው ድልድይ ተሻገርን። 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ከዚያ በወረታ በኩል ሩዝ የሚመረትበትን የፎገራን ሜዳ አቋርጠን አዲስ ዘመንን ካለፍን በኋላ መንገዱ ወደ ተራራው መጠምዘዝ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ምሰሶ ያልተመለከተ መንገደኛ የለም። ምሰሶው በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የቀዘቀዘ የቀለጠ ድንጋይ ነው። በዙሪያው የነበረው ለስላሳ ቁስ በዝናብና በነፋስ ተጠርጎ ሲሄድ ጠንካራው ቡሽ ብቻውን ቀርቷል።

በጎንደር አርባ ደቂቃ

የመጀመሪያው ፈተና የገጠመን በጎንደር ነው። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደክመን ስለነበር ምሳ ለመብላት መኪናዋን በአደባባይ አቆምን። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ነፋሱም ቀዝቃዛ። የውጪው ሙቀት 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። «በዚህ ብርድ ውሻ ምን ይሆናል?» ብለን መስኮቱን በጣት ስፋት ብቻ ከፍተን ዳማን በመኪናዋ ውስጥ ትተነው ገባን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስንመለስ ውሻው ምላሱን እስከ ሥሩ አውጥቶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ወለሉ ላይ ተዘርሮ አገኘነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያሰርነው ቴርሞሜትር 43 ዲግሪ ያሳይ ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሙቀት ዝውውር ያስተማረ ሰው እንዴት ይህን ይሳሳታል? እኛም ራሳችንን የጠየቅነው ይህንኑ ነው። ስሕተታችን የአየሩን ሙቀት እንጂ የፀሐይን ጨረር አለመቁጠራችን ነው። በብሩህ ቀን የእኩለ ቀን ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1,000 ዋት ኃይል ታወርዳለች፤ በደጋ አገር አየሩ ስስና ንጹሕ ስለሆነ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። በመስኮቶቹ በኩል የሁለት ካሬ ሜትር ያህል ጨረር ቢገባ 2 ኪሎዋት ይሆናል። ይህ እናቶቻችን እንጀራ ከሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይል ከግማሽ በላይ ነው። ጨረሩ በመስታወት አልፎ ወንበሩንና ወለሉን ያሞቃል። የሞቀው ወንበር በበኩሉ አየሩን ያሞቃል፤ አየሩ ግን በሩ ስለተዘጋ ሽሽት የለውም። ሙቀቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጪው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። ከጭማሪውም የሚበዛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሆን ነው። መስኮቱን በጣት ስፋት መክፈት የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው።

የውሻ ነገር ደግሞ ከሰው ይለያል። እኛ በመላ ቆዳችን እናልበዋለን፤ ውሻ ግን ላብ የሚያወጣው በመዳፉ ብቻ በመሆኑ ሙቀቱን የሚያስወግደው በማለክለክ ነው። አንድ ግራም ውኃ ከምላሱና ከአፍንጫው ውስጥ ሲተንን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተኝቶ ሳለ የሚያመነጨው ሙቀት ወደ 40 ዋት ይጠጋል። ስሌቱን እንሥራ፦ 40 ዋት ማለት በደቂቃ 2,400 ጁል ነው። እንግዲያው ዳማ ሌላ ማቀዝቀዣ ከሌለው፣ ተኝቶም ቢሆን፣ በየደቂቃው አንድ ግራም ውኃ ማትነን አለበት። አየሩ ከሰውነቱ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ከውጪ የሚገባበት ሙቀት ስለሚታከል ዕዳው ይበዛል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ የሚወድ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ድንቅ ነገር አለ። የሚያለከልክ ውሻ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። እንዲህ በፍጥነት መተንፈስ ራሱ ጡንቻን አሠርቶ ሙቀት አይጨምርም ወይ? እንዳይጨምር የሚያደርገው ሬዞናንስ ነው። የውሻው ደረትና ሳንባ እንደ ስፕሪንግ ተለጥጠው የሚመለሱ በመሆናቸው የራሳቸው ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ አላቸው፤ ውሻው የሚያለከልከውም በዚያው ድግግሞሽ ነው። ሕፃንን በዥዋዥዌ ላይ የሚገፋ ሰው በትክክለኛው ቅጽበት ከገፋ በትንሽ ጉልበት ብዙ እንደሚያወዛውዝ ሁሉ፣ ውሻም በጥቂት ኢነርጂ ብዙ አየር ያመላልሳል። ተፈጥሮ ይህን መፍትሔ ያገኘችው እኛ ቀመሩን ከመጻፋችን እጅግ አስቀድማ ነው።

ዳማን ወደ ጥላ አውጥተን፣ ሰውነቱን ለብ ባለ ውኃ አርሰን፣ በካርቶን አራገብንለት። ውኃና ነፋስ ሲገናኙ ትነት ይፈጥናል፤ እኛ ለውሻው ያጣውን ላብ ሰጠነው ማለት ይቻላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ጅራቱን ሲቆላ ባልንጀራችን ዝም ብሎ ተመለከተን። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። በመኪና ውስጥ ለተተወ ሕፃንም ሕጉ ይኸው መሆኑን አንባቢ አይዘንጋ።

የደባርቅ ንፍሮ

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ከፍታዋ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። «ጎጆ» ዳገቱን ስትወጣ ታቃስት ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከኦክስጅን ጋር በማቃጠል ሲሆን፣ በደባርቅ ከፍታ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በሩብ ከቀነሰ ኃይሉም በዚያው ልክ ይደክማል።

ማታ ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ጣድን። አንድ ሰዓት ሞላ፤ ንፍሮው ግን ጥርስ ይሰብራል። ባልንጀራችን «ውኃው እየፈላ ነው፤ ምን ይፈልጋል?» ብሎ እሳቱን ጨመረ። እሳት መጨመር ግን ውኃውን ቶሎ ያተንነዋል እንጂ ይበልጥ አያሞቀውም። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ነውና፣ ከላይ የሚጫነው አየር በሳሳ ቁጥር የመፍያ ነጥቡም ይወርዳል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በቆጋ 93 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ በደባርቅ ደግሞ ከ90 ዲግሪ እምብዛም ሳይበልጥ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብለን በግርድፉ መያዝ እንችላለን። ማብሰል የኬሚካል ለውጥ ስለሆነ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ጊዜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ለሦስት ዲግሪ ልዩነት በቆጋ አንድ ሰዓት የሚበቃው ንፍሮ በደባርቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ይጠይቃል ማለት ነው። የደጋ እናቶች ድስቱን በድንጋይ ተጭነው መክደናቸው እንፋሎቱ በቀላሉ እንዳያመልጥና ሙቀቱ እንዳይባክን ያግዛል። ይህ ልማድ ሲበረታ የግፊት ድስት ይሆናል።

«ውሻው ከዚህ አያልፍም»

በማግሥቱ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት ተነሣን። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ጉዟችን በተደረገበት ጊዜ ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ ወዲህም አካባቢው ከ2020 ጀምሮ የጦርነት ዓመታትን አሳልፏል።

አብሮን እንዲሄድ የተመደበልን ስካውት ዳማን ባየ ጊዜ ቆመ።

«ጋሼ፣ እናንተ ትገባላችሁ። ውሻው ግን ከዚህ አያልፍም።»

«ወንድሜ፣ ተከትቧል እኮ፤ ወረቀቱ ይኸው።»

«አያለሁ ጋሼ። እርስዎ ወረቀት አለዎት። ነገ የሚመጣው ግን ወረቀት የለውም። ለእርስዎ ከፈቀድሁ እሱን በምን አፌ እከለክለዋለሁ?»

ልንከራከር አፋችንን ስንከፍት ባልንጀራችን እጃችንን ያዘን። «ልክ ነው» አለ። ከዚያም በእንጨት አጥር ላይ ተደግፎ የነገረን ታሪክ ከጉዞው ሁሉ ይበልጥ በልባችን ቀርቷል።

በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የሳይንስ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ነው፤ ስሙ ራሱ ከስሜን የተወሰደ ነው። አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ናቸው። ቀሪዎቹ በስሜንና በሌሎች ጥቂት ከፍታዎች እንደ ደሴት ተለያይተው ይኖራሉ። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደሴቱ ይጠብባል፤ ከገበሬው ጋርም ውሻው ይወጣል። ውሻና ቀይ ቀበሮ የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታ በቀላሉ ይዋዋሳሉ። ዋነኞቹ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ናቸው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተቀስቅሷል። በ2003 በተነሣው ወረርሽኝ በሽታው ከገባባቸው መንጋዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀበሮዎች አለቁ።

«የዳማ ክትባት የእብድ ውሻ በሽታን ይከላከል ይሆናል» አለ ባልንጀራችን፤ «ዲስቴምፐርን ግን አልከተብነውም። አንተ ሁልጊዜ ስለ ዕድል ስሌት ታስተምራለህ። አደጋው ከሺህ አንድ ነው እንበል። ሺህ ጎብኚ ሺህ ውሻ ይዞ ቢመጣስ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አላስፈለገም። ባልንጀራችን ከስካውቱ ጋር ገባ፤ እኛ ከዳማ ጋር በደባርቅ ቀረን። ማታ ሲመለስ በሣር መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ማየቱን ነገረን። «ቀለሙ እንደ ዳማ ነው፤ እግሩ ግን ረዘም፣ አፍንጫው ቀጠን ይላል» አለ። እኛ እስከ ዛሬ ድረስ ቀይ ቀበሮን በዓይናችን አላየንም። ስንጸጸት ግን አንገኝም።

ሊማሊሞ፦ የሙቀት ዕዳ

ከደባርቅ በስተ ሰሜን የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። ከገደሉ ጫፍ እስከ ዛሪማ ሸለቆ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በኩርባ ላይ ኩርባ እየደረበ ይወርዳል። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድሮ ይታያል። በዕይታው ተመስጠን፣ ማርሹን አራተኛ ላይ ትተን፣ ፍሬኑን እየረገጥን መውረድ ጀመርን።

ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። ዳማ አስቀድሞ ሸትቶት ኖሮ ያለቅስ ነበር። ቀጥሎ የፍሬኑ ፔዳል ለሰለሰ፤ እንደ ስፖንጅ ወደ ታች ገባ። ሹፌሮች «ፍሬን እምቢ አለ» የሚሉት ነገር ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በእጅ ፍሬንና በማርሽ እየታገልን በቀኝ በኩል ካለው የተራራ ግድግዳ አስጠግተን አቆምናት። ባልንጀራችን ዘሎ ወርዶ በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ። በግራ በኩል ያለውን ገደል ለመመልከት ማናችንም አልደፈርንም።

አሁን በቆጋ ወንዝ ላይ የተውነውን ሕግ እናስታውስ። ሙሉ ጭነት ያላት «ጎጆ» 3,000 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። አንድ ሺህ ሜትር ስትወርድ የምታጣው ፖቴንሻል ኢነርጂ፦ 3,000 በ9.8 በ1,000 ሲባዛ 29 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። ይህ ኢነርጂ በርሜላችንን የሞላውን መቶ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 90 ዲግሪ ማፍላት ይችላል። ፍጥነታችን ካልጨመረ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጡ ግድ ነው። ጥያቄው «የት ይሂድ?» የሚለው ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ፍሬኑ ብረት ቢሄድና የብረቱ ክብደት በጠቅላላው 40 ኪሎ ቢሆን፣ ምንም ወደ አየር ሳያመልጥ ሙቀቱ በ1,600 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር። ብረት ደግሞ በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል! እርግጥ ነፋሱ ብዙውን ስለሚወስድ ብረቱ አይቀልጥም። ሸራው ግን ሲግል የመያዝ ችሎታው ይደክማል። ከዚያም የከፋው የፍሬን ዘይቱ ነው። አዲስ ዘይት እንደ ዓይነቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈላል፤ በጊዜ ብዛት ከአየሩ እርጥበት የጠጣ ዘይት ግን 140 ዲግሪ ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉ የለሰለሰው ስለዚህ ነው፦ የእግራችን ግፊት ጎማው ዘንድ መድረሱ ቀርቶ አረፋውን ይጨምቅ ነበር።

ባልንጀራችን የዳማን ውኃ አንሥቶ በጎማው ላይ ሊደፋ ሲል ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ «ተው! ብረቱ ይሰነጠቃል!» ብሎ ጮኸ። ልክ ነበር፤ የጋለ ብረት ውጪው በድንገት ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ውስጡ ግን እንደ ሰፋ ይቆያልና ይሰነጠቃል። ሹፌሩ ወርዶ ጎማችንን በእጁ ጀርባ ከሩቅ ፈተሸና ፈገግ አለ።

«ወንድሞቼ፣ በስንት ማርሽ ነበር የምትወርዱት?»

«በአራተኛ።»

«ይህን ዳገት በአራተኛ ትወጡታላችሁ?»

«አንወጣውም።»

«እንግዲያው በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ለመቆሚያ ነው።»

ስለ ኢነርጂ የጻፍነው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አለ። በዝቅተኛ ማርሽ ስንወርድ ጎማው ሞተሩን በግድ ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩም አየር እየሳበና እየጨመቀ፣ ከውስጣዊ ሰበቃው ጋር፣ ኢነርጂውን ይበላል። ሙቀቱም በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል ይወጣል። ራዲያተር ሙቀት እንዲያስወግድ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ የፍሬን ሸራ ግን አይደለም። በባዶ ማርሽ፣ ሹፌሮች «ፍሪ» በሚሉት መንገድ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ መውረድ ይህን ረዳት አሰናብቶ ዕዳውን ሁሉ በፍሬን ላይ መጫን ነው።

ሹፌሩ አንድ ነገር ጨመረልን። በርሜላችንን አንኳኩቶ «ይህን ወይ ሙሉት፣ ወይ ባዶ አድርጉት፤ ግማሽ ውኃ በኩርባ ላይ ይገፋችኋል» አለ። በኩርባ ላይ መኪናው ሲታጠፍ ውኃው በቀጥታ መሄዱን ይቀጥላልና ወደ ውጪኛው ጎን ይከመራል። ክብደቱ ወደዚያ ሲያጋድል መኪናው የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል። በሊማሊሞ ዓይነት ጠባብ ኩርባ፣ የኩርባው ሬዲየስ 12 ሜትር ቢሆንና ጠጠሩ ከክብደታችን 40 በመቶ ያህል ብቻ ሰበቃ ቢሰጠን፣ ሳይንሸራተቱ መታጠፍ የሚቻለው በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በታች ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ ወረድን።

በራሳችሁ ሞክሩ

አንደኛ፦ ከፍ ባለ ስፍራ ስትሆኑ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥብቃችሁ ክደኑና ወደ ቆላ ይዛችሁ ውረዱ። ከደባርቅ የከደንነው ጠርሙስ ቆጋ ሲደርስ ጎኑ ተጨምድዶ ነበር። በሁለቱ ስፍራዎች የግፊት ልዩነት መሠረት የአየሩ ይዘት በአሥር በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት። ሁለተኛ፦ በፀሐይ በቆመ ባዶ መኪና ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡና በየአምስት ደቂቃው በመስኮት እያያችሁ መዝግቡ፤ ግራፉን ስትሥሉ አብዛኛው ጭማሪ በመጀመሪያ ላይ መሆኑን ታያላችሁ። ሕይወት ያለው ነገር ግን በውስጡ አታስቀምጡ። ሦስተኛ፦ የሚያለከልክ ውሻ ስታገኙ፣ የራሳችሁ ውሻ ከሆነ፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ቁጠሩ።

አሥራ ሰባተኛው ውሻ

ወደ ቆጋ ስንመለስ የስካውቱ ቃል አልለቀቀንም። «ነገ የሚመጣው ወረቀት የለውም።» በአጎታችን መንደርስ ወረቀት ያለው ስንት ነው? ከዳማ በቀር ማንም።

የእብድ ውሻ በሽታ የቀበሮ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን ሕፃን በክትባት ካዳነ ወዲህ ግን ንክሻው እንደደረሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መከተብ ሕይወትን ያድናል።

መከላከያው ግን ውሾቹን መክተብ ነው። ስንቱን? አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ የሚያስተላልፈው ለሁለት እንኳ ለማይሞሉ ውሾች ነው። ቁጥሩ 1.5 ነው እንበል። ከውሾቹ ሲሶው ከተከተበ 1.5 በሁለት ሦስተኛ ተባዝቶ 1 ይሆናል፤ በሽታው መስፋፋት ያቆማል። ታዲያ የዓለም ጤና ድርጅት 70 በመቶ ይከተብ የሚለው ለምንድን ነው? ውሾች ይሞታሉ፤ ቡችሎች ይወለዳሉ። በዓመት ውስጥ ግማሾቹ በአዲስ ቢተኩ 70 በመቶው ወደ 35 ይወርዳል፤ ከሲሶ በላይ እንደሆነ ግን ለቀጣዩ ክትባት ይደርሳል። ለቀይ ቀበሮዎቹም በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 በባሌ ተጀምሯል።

ባልንጀራችን የእንስሳት ሐኪም አስመጣ። በመንደሩ ያሉትን ውሾች ቆጠርን፤ 23 ሆኑ። 70 በመቶ ለመሙላት 17 ያስፈልጋሉ። ቀኑን ሙሉ ስንሯሯጥ ውለን የያዝነው 14 ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሐኪሙ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። አጎታችን ግን «ቆዩ እስቲ» ብለው የተረፈ እንጀራ በገበቴ ይዘው ወደ አዝመራው ጠርዝ ሄዱ። በስም እየጠሩ፣ እየተለማመጡ፣ ሁለቱን አመጡ። አሥራ ሰባተኛው ግን ማንንም የማያቀርብ፣ ከቦዩ ማዶ የሚያድር ውሻ ነበር። አጎታችን ዳማን በገመድ ይዘው ወደ እርሱ ሄዱ። ውሻው ሰው ሲያይ ሸሸ፤ ዳማን ሲያይ ግን ቆመ። ሊሸትተው በተጠጋ ጊዜ ያዙት።

በዚያች ሌሊት መንደሩ ውስጥ 18 የተከተቡ ውሾች አልነበሩም፤ ዳማ ከ23ቱ ውስጥ ስለተቆጠረ 17 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 74 ማለት ነው፤ ይበቃል። ውድ አንባቢያን፣ በእናንተ መንደርስ ስንት ውሾች አሉ? ስንቶቹስ ተከትበዋል? እርሳስና ወረቀት ያዙና ቁጠሩ።